ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ተማሪዎችና የጤና ባለሙያው ድርሻ

በመስከረም ወር መጀመሪያ፣ የተማሪዎች ምዝገባ በሚካሄድበት ሰሞን፣ አንዲት እናት ከሐብሩ ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ ተነሥታ፣ የሰባት ዓመት ልጇን በጀርባዋ አዝላ መርሳ ከተማ ወደሚገኝ ጤና ተቋም መጣች እንበል። የልጁ እግሮች እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፤ እጁን ወደሚፈልገው ዕቃ ሲሰድ ክንዱ ይጠማዘዛል፤ ለሃጩ ይወርዳል፤ የሚናገረውንም ከእናቱ በቀር የሚረዳው የለም። እናትየው የመጣችው መድኃኒት ፍለጋ አይደለም፤ መድኃኒት እንደሌለው ከተነገራት ዓመታት አልፈዋል። "ሲስተር፣ ርዕሰ መምህሩ የሐኪም ወረቀት አምጪ ብለውኛል። ይህ ልጅ ይማራል ወይስ አይማርም?" ብላ ትጠይቃለች።

በርካታ ሕሙማን ተሰልፈው በሚጠብቁበት ክፍል ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ብዙውን ጊዜ በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው "ሴሬብራል ፓልሲ፣ የማይድን" የሚል አጭር ቃል ነው፤ ማኅተም ይደረግበታል፣ እናትየውም ይዛው ትሄዳለች። በእኛ ዘንድ ይህ ቃል የምርመራ ውጤት ነው። በርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ግን "አይማርም" ተብሎ ይነበባል። በሐኪም ቤትና በትምህርት ቤት መካከል ባለው በዚህ ክፍተት የልጁ ዕጣ ፈንታ ይወሰናል፤ ወሳኙም ሳናውቀው እኛ እንሆናለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሴሬብራል ፓልሲን ምንነት በአጭሩ ማስታወስና፣ በወልድያ፣ በመርሳና በሐብሩ ገጠር የሚሠራ የጤና ባለሙያ ያንን ወረቀት እንዴት ቢጽፈው ልጁን ወደ ክፍል ሊያስገባው እንደሚችል ማመልከት ነው።

ምንነቱ

እንግሊዛዊው የአጥንት ሐኪም ዊልያም ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1861 ለለንደን የማዋለድ ሕክምና ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ፣ በሕፃናት ላይ የሚታየውን የእጅና የእግር መወጠር ከአስቸጋሪ ምጥ፣ ያለ ጊዜ ከመወለድና ሲወለዱ ከመታፈን ጋር አያይዞት ነበር። በዚህም የተነሣ ችግሩ ለረጅም ዘመን "የሊትል በሽታ" ሲባል ኖሯል። በኋላ በሥነ ልቦና ትንተና የታወቀው ሲግመንድ ፍሮይድ፣ ገና የነርቭ ሐኪም በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 በጻፈው ሥራው አስቸጋሪው ምጥ ራሱ ቀደም ሲል በማህፀን ውስጥ የተከሠተ ችግር ምልክት ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። ክርክሩ ያረጀ ቢመስልም ፍሬ ነገሩ ዛሬም በየማዋለጃ ክፍሉ አለ። እያንዳንዱን ሴሬብራል ፓልሲ በአዋላጇ ወይም "በቤት ወለድኩ" በምትል እናት ላይ መላከክ ከሳይንሱም ከፍትሕም የራቀ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመውና ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ትርጓሜ፣ ሴሬብራል ፓልሲ በማደግ ላይ ባለ የፅንስ ወይም የሕፃን አንጎል ላይ በደረሰና በማይባባስ ጉዳት ምክንያት የሚመጣ፣ እንቅስቃሴንና የአካል አቋምን የሚያውክ ቋሚ ችግር መሆኑን ይገልጻል። "የማይባባስ" የሚለው ቃል የሚመለከተው የአንጎሉን ጉዳት እንጂ አካሉን አይደለም። አጥንት ሲያድግ የተወጠረ ጡንቻ አብሮት አይረዝምም፤ ቁርጭምጭሚት ይታሰራል፣ ጉልበት ይታጠፋል፣ የዳሌ መጋጠሚያ ቀስ በቀስ ከቦታው ይወጣል። በስድስት ዓመቱ በምርኩዝ ይራመድ የነበረ ልጅ በአሥራ ሁለት ዓመቱ መራመድ ሊያቆም ይችላል። ይህ በሽታው ማገርሸቱን ሳይሆን ክትትል መጓደሉን ያሳያል።

ከሁሉም በላቀ ቁጥር የሚታየው ጡንቻን የሚወጥረው ዓይነት ነው። አንዱን ጎን ብቻ፣ በይበልጥ እግሮችን፣ ወይም አራቱንም እጅና እግር ሊይዝ ይችላል። ሁለተኛው ዓይነት ሳያዙት የሚመጣ የመጠማዘዝና የመወራጨት እንቅስቃሴ የሚታይበት ሲሆን፣ ሦስተኛውና ጥቂቶችን የሚያጠቃው ሚዛን የሚያሳጣው ነው። የተቀላቀለም አለ። የእንቅስቃሴ ዐቅምን ለመመደብ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የሚሠራበት ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ ለእኛ ሥራ ከዓይነቱ ስም ይልቅ ይጠቅማል። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ያሉት ያለ ድጋፍ ይራመዳሉ፤ ሦስተኛው በእጅ የሚያዝ ድጋፍ ይፈልጋል፤ አራተኛውና አምስተኛው በአብዛኛው ተሽከርካሪ ወንበር ወይም የሌላ ሰው እጅ ያሻቸዋል። ደረጃው ስለ ልጁ የማሰብ ችሎታ አንዳችም ነገር አይናገርም።

"ልምሾ" የሚለው ስም

በአካባቢው እግሩ የማይታዘዝለትን ልጅ ሁሉ "ልምሾ" ማለት የተለመደ ነው። ቃሉ መላላትንና መልፈስፈስን ስለሚያመለክት ለፖሊዮ በትክክል ይሠራል፤ ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። በፖሊዮ የተጎዳ እግር የላላ፣ የቀጠነና ሪፍሌክሱ የጠፋ ነው። በሴሬብራል ፓልሲ የተጎዳው የተወጠረና ሪፍሌክሱ የጨመረ ነው። ድንገት የላላ እግር ያለው ልጅ ሲገጥመን በፖሊዮ ቅኝት ሥርዓት ወዲያውኑ ማሳወቅ ግዴታችን ስለሆነ ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሌላው በአማራ ክልል ደጋና ወይና ደጋ የሚሠራ ባለሙያ ሊዘነጋው የማይገባው ጓያ ነው። በድርቅ ዘመን ሌላው ሰብል ሲጠፋ ጓያን ለወራት ዋና ምግባቸው ያደረጉ ሰዎች፣ በተለይ ወጣቶች፣ ሁለቱም እግራቸው በአጭር ጊዜ ውስጥ ተወጥሮ ሊቀር ይችላል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ያካሄዷቸው ጥናቶች ይህን በሚገባ አሳይተዋል። አረማመዱ ከሴሬብራል ፓልሲ ጋር እስከ መምታታት ይመሳሰላል። የሚለያቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ "ከዚህ በፊት በደንብ ይራመድ ነበር?" መልሱ አዎን ከሆነ፣ ከጓያም ሌላ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳንም ማሰብ ይገባል፤ እርሱ በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል። እንቅርት በሚበዛበት አካባቢ ደግሞ በአዮዲን እጥረት የተጎዳ ልጅ መስማት ከመሳን ጋር የእግር መወጠር ሊታይበት ይችላል። የነበረውን ችሎታ እያጣ የሚሄድ ልጅ ሁሉ ሴሬብራል ፓልሲ ተብሎ መመዝገብ የለበትም።

መንሥኤውና የሰሜን ወሎ ሁኔታ

ያለ ጊዜ መወለድ፣ በምጥ ወቅት መታፈን፣ በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚከሠት ከባድ የወፍ በሽታ፣ ማጅራት ገትርና አንጎልን የሚይዝ ወባ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ባደጉ አገሮች ከሚገኙት መካከል አብዛኞቹ ከልደት በፊት ከሚከሠቱ ምክንያቶች የሚመነጩ ሲሆን፣ እንደ እኛ ባሉ አገሮች መታፈን፣ የወፍ በሽታና ኢንፌክሽን ሰፊ ድርሻ አላቸው። በምሥራቅ ኡጋንዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ከ1000 ሕፃናትና ልጆች ውስጥ ወደ 3 በሚጠጉት ላይ ችግሩን አግኝቷል። በዚያ ጥናት ዕድሜ ከፍ ሲል ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ልጆቹ ድነው ሳይሆን ብዙዎቹ ሞተው ነው የሚል ጥርጣሬ አሳድሯል፤ ቀጥሎ በዚያው የተደረገ ክትትልም ሥጋቱን አጠናክሮታል። ሳንባቸው በምግብ ታንቆ፣ በምግብ እጥረት፣ በሚጥል በሽታ። እነዚህ ሁሉ በጤና ጣቢያ ደረጃ ልንሠራባቸው የምንችላቸው ናቸው።

ሰሜን ወሎ ተጨማሪ ምክንያት አለው። ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ውስጥ በቆዩባቸው ወራት የዞኑ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ብዙ እናቶችም ያለ ባለሙያ እጅ ወልደዋል። ሳያለቅስ የተወለደን ሕፃን በመጀመሪያው ደቂቃ በአምቡ ባግ የሚያነቃ ሰው፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነውን ሕፃን ወደ ብርሃን ሕክምና የሚልክ ሰው በቦታው አልነበረም። በእነዚያ ወራት የተወለዱት ልጆች ሰባት ዓመት የሚሞላቸው በ2020 እና በ2021 ዓ.ም. ነው። በመካከላቸው ስንቱ ችግሩ እንዳለበት ለማወቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከምዝገባው በፊት ቤት ለቤት በምታደርገው ጉብኝት ብትጠይቅ፣ ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ለመዘጋጀት ጊዜ ያገኛል።

ገና በጨቅላነቱ ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከሦስት ወር በኋላ ሁልጊዜ የተጨበጠ መዳፍ፣ ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጅ ብቻ መምረጥ፣ በዘጠኝ ወሩ ያለ ድጋፍ አለመቀመጥ፣ እግሮች እንደ መቀስ መጠላለፍ በክትባት ቀን ሊታዩ የሚችሉ ምልክቶች ናቸው። የአንጎል ፎቶግራፍ እስኪነሣ ድጋፉን ማዘግየት ስሕተት ነው፤ ችግሩ እያለባቸው ምስላቸው ጤናማ የሚሆን ልጆችም አሉ።

አካል የአእምሮ መለኪያ አይደለም

ያደጉ አገሮች መዛግብት እንደሚያሳዩት ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው መካከል ግማሽ ያህሉ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለባቸው። በሌላ አነጋገር ግማሽ ያህሉ የለባቸውም። ከአራቱ አንዱ በቃል አይናገርም፤ ከአራቱ አንዱ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ከአራቱ ሦስቱ ሕመም ይሰማቸዋል። ይህ የመጨረሻው አኀዝ ከሁሉም ይልቅ የሚዘነጋ ነው፤ ክፍል ውስጥ የሚያለቅስ ልጅ "ጠባዩ አስቸጋሪ" ይባላል እንጂ ዳሌውን የሚመረምረው አይገኝም።

ለስሕተት በጣም የሚያጋልጠን በከባድ የወፍ በሽታ የተጎዳው ልጅ ነው። ቢሊሩቢን የሚመርጠው እንቅስቃሴን የሚቆጣጠሩትን የአንጎል ውስጠኛ ክፍሎችና የመስሚያ ነርቭን ነው። ስለዚህም ፊቱ ይጨማደዳል፣ አንገቱ ይጠማዘዛል፣ ምላሱ አይታዘዝም፣ ብዙ ጊዜም ጆሮው አይሰማም፤ የሚያስብበት የአንጎል ክፍል ግን በአመዛኙ ሊተርፍ ይችላል። ይህን ልጅ ያየ ሰው ከሁሉ የከፋ "የአእምሮ ችግር" እንዳለበት ይደመድማል። ምናልባት ከክፍሉ ሁሉ ብሩህ ሊሆን የሚችለው እርሱ ነው። ስለዚህ "የአእምሮ ዝግመት" የሚል ቃል በወረቀት ላይ ከማስፈራችን በፊት ቢያንስ መስማቱንና ማየቱን ማረጋገጥ፣ ከዚያም እናቱን "አዎን ሲል እንዴት ታውቂያለሽ?" ብሎ መጠየቅ ይገባል። ወደ ላይ በማየት፣ ፈገግ በማለት፣ ዓይኑን በመጨፈን ይላል። በዚያው ምልክት ሁለት ሦስት ቀላል ጥያቄዎች ብንጠይቀው መልሱ ራሱ ይመሰክራል።

ወረቀቱ ምን ይበል?

ለትምህርት ቤቱ የሚጻፈው ደብዳቤ የምርመራውን ስም ከመጥቀስ አልፎ ልጁ ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን እንደሚያስፈልገው መናገር አለበት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር "ይህ ልጅ መማር ይችላል፤ ወደ ሌሎች ተማሪዎች የሚተላለፍ በሽታም የለበትም" ቢል ብዙ ጥርጣሬ ያስወግዳል። የርግማን ወይም የጋኔን ሥራ ነው የሚል እምነት ባለበት አካባቢ ይህ በማኅተም የተደገፈ ዓረፍተ ነገር የሚናቅ አይደለም። ቤተሰቡ ፀበል ወይም ዱዓ ማድረሱን መቃወም አያስፈልገንም፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ግን አጥብቀን ልናስገነዝብ ይገባል።

ስለ አቀማመጥ በዝርዝር ይጻፍ። እግሩ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ልጅ ጉልበቱን የሚጨርሰው ላለመውደቅ ነው፤ ለትምህርቱ የሚተርፈው ነገር የለም። ወንበሩ እግሩን መሬት የሚያስረግጥ፣ ጉልበቱና ዳሌው በቀጥታ ማዕዘን የሚታጠፉበት፣ ጎኑና ጀርባው የተደገፈ ቢሆን እጁም ዓይኑም ይሰበሰባሉ። የመርሳ ወይም የወልድያ አናጢ ከጣውላ ሊሠራው ይችላል። እግሮቹ የሚጠላለፉበት ልጅ በመካከላቸው ትንሽ ግንድ ወይም የተጠቀለለ ጨርቅ ይደረግለት። በነገራችን ላይ አንቀልባ በዚህ ረገድ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ እናት ልጇን እግሮቹን በወገቧ ግራና ቀኝ ከፍታ ስታዝለው ዳሌው በሚገባው አቅጣጫ ይያዛል። የተወጠረን ጡንቻ በኃይል መሳብ ግን ሕመምንና መወጠርን ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም፤ ይህንንም ለመምህሩ መንገር ይገባል።

ምግብ በሚበላበት ሰዓት ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አገጩ ጥቂት ወደ ታች ያዘነበለ ይሁን። ራሱን ወደ ኋላ አጋድሞ ማጉረስ ምግቡን ወደ ሳንባው መላክ ነው። ቀጭን ፈሳሽ የሚያስለው ልጅ ወፈር ያለ አጥሚት ወይም ገንፎ ይቀለዋል። መጸዳጃ ቤቱ የሚይዘው አግዳሚ ከሌለው ልጁ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ ይውላል፤ ሴቶች ልጆች ደግሞ በዚሁ ምክንያት ትምህርታቸውን ሊያቋርጡ ይችላሉ።

የሚጥል በሽታ ካለበት መምህሩ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ ይጻፍለት፤ ልጁን በጎኑ ማስተኛት፣ ከሚጎዳው ነገር ማራቅ፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ክብሪት ጭሮ ጭሱን አለማሽተት፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ። ፌኖባርቢታል የሚወስድ ልጅ ክፍል ውስጥ ቢያንቀላፋ ወይም ቢቅበጠበጥ መድኃኒቱ ሊሆን ስለሚችል መምህሩ ለቤተሰቡ እንዲያሳውቅ፣ ቤተሰቡም ለእኛ እንዲያመጣው ማድረግ ያሻል።

ስለ ጽሕፈት ደግሞ ፊደላችን ራሱ የሚያነሣው ጥያቄ አለ። መናገርም መጻፍም የማይችል ልጅ በሌሎች አገሮች በሰሌዳ ላይ የተጻፉ ፊደላትን በመጠቆም ሐሳቡን ይገልጻል። በላቲን ፊደል 26 ምልክቶች ይበቃሉ። የእኛ ገበታ ግን 33 ፊደላት በ7 ቤት፣ በጠቅላላው 231 ምልክት አለው፤ እጁ የሚወራጭ ልጅ ይህን ሁሉ ጥቃቅን ሣጥን ሊጠቁም አይችልም። መፍትሔው ሁለት ጊዜ መጠቆም ነው። በሰሌዳው ላይ የግዕዝ ቤት 33 ፊደላትና ከጎናቸው ከ1 እስከ 7 ያሉ ቁጥሮች በትልልቁ ይጻፋሉ። "ውሃ" ለማለት የፈለገ ልጅ መጀመሪያ "ወ"ን ከዚያ 6ን፣ ቀጥሎ "ሀ"ን ከዚያ 4ን ይጠቁማል። ድምፃቸው ተመሳሳይ የሆኑትን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀን ለጊዜው ብናስቀር 28 ፊደላትና 7 ቁጥሮች፣ በድምሩ 35 ብቻ ይቀራሉ፤ የፊደል ሊቃውንት ለዚህ ይቅር እንደሚሉን ተስፋ አለኝ። በእጁ መጠቆም የማይችል ከሆነ መምህሩ ወይም ጓደኛው ረድፉን በጣቱ እየተከተለ ሲሄድ ልጁ በዓይኑ "አዎን" ይላል። ለሰሌዳው አንድ ካርቶንና ወፍራም እስክሪብቶ በቂ ነው። እጁ በመጠኑ የሚታዘዝለት ልጅ ደግሞ እርሳሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወፈር ቢል፣ ደብተሩም ከጠረጴዛው ጋር ቢያያዝ ቀስ እያለ ይጽፋል።

መንገዱ

እስከ ስድስትና ሰባት ዓመት ድረስ የሐብሩ እናት ልጇን ታዝለዋለች። ከዚያ በኋላ ወገቧ አይችልም። በዋናው መንገድ ዳር ያሉት የመርሳ፣ የውርጌሳና የሲሪንቃ ልጆች በባጃጅም በጋሪም ቢሆን መድረስ ይቻላቸው ይሆናል፤ ከመንገዱ ርቀው በተራራው ግርጌና በሸለቆው ውስጥ ለሚኖሩት ግን ተሽከርካሪ ወንበር ብቻውን መልስ አይሆንም። ለድጋፍ መሣሪያ ደሴ ወደሚገኘው የአካል ተሐድሶ ማዕከል መላክ አለብን፤ ከመርሳ ወደ 90፣ ከወልድያ ደግሞ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ስንልክ ግን ለምን እንደምንልክ ይጻፍ። "ለፊዚዮቴራፒ" ከማለት "በክፍል ውስጥ ለአራት ሰዓት ተቀምጦ ለመማር የሚያስችል መቀመጫ" ማለት የተሻለ ነው። ሦስተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ያለበትን ልጅ ዳሌ በየጊዜው በራጅ መከታተልም ከዚሁ ጋር ይታሰብ፤ ዳሌው የወለቀ ልጅ ተቀምጦ መማር ያመዋል።

ሕጉ ከእኛ ጎን ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ለአካል ጉዳተኞች መልሶ ማቋቋሚያና እርዳታ መንግሥት በዐቅሙ ሀብት እንዲመድብ ይደነግጋል። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ትምህርት ሚኒስቴርም በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ካወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2025 የተዘረጋ ዐቢይ ዕቅድ አስከትሎ፣ ለአካቶ ትምህርት የድጋፍ መስጫ ማዕከላት እንዲቋቋሙ አድርጓል። ደብዳቤያችን በአቅራቢያው ያለውን ማዕከል ቢጠቅስ ርዕሰ መምህሩ ብቻውን እንዳልሆነ ይረዳል።

ደብዳቤው በአንደኛ ክፍል ምዝገባም አያበቃም። ልጁ በስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ፣ መልሱን የሚያጠቁርለት ሰው ወይም በቃል የመመለስ ዕድል ሊያስፈልገው ይችላል፤ ለዚህም አስቀድሞ የተጻፈ የሕክምና ማስረጃ ይጠየቃል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ ተፈታኙ ለቀናት ከቤቱ ርቆ ማደር ነበረበት። የሚያጎርሰው፣ የሚያለብሰውና ወደ መጸዳጃ የሚያደርሰው ሰው አብሮት መግባት እንዳለበት ማስረዳት የሐኪም ሥራ ነው። ማስረጃው የሚጻፈው በፈተናው ዋዜማ ሳይሆን ተማሪው ለፈተና በሚመዘገብበት ወር ነው፤ ግልባጩም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይላክ።